የዶክተር ሃይንሪሽ ክዊንከ ታሪክ

ማጅራት ገትር የሚባለው በሽታ በአገራችን የታወቀ ነው። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ የበሽተኛው ማጅራት ደርቆ አንገቱን ማጎንበስ ይሳነዋልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 እና በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ዳሩ ግን ሐኪሙ ከሕፃኑ ጀርባ በመርፌ ፈሳሽ ልቅዳ ሲል፣ ልጄ ሽባ ይሆንብኛል ብሎ የሚፈራ ወላጅ ብዙ ነው። ስለዚህ እኛ የጢቾ ተማሪዎች ይህን ብልሃት ያስፋፋውን ሊቅ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ መረጥን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃይንሪሽ ክዊንከ በ1842 በጀርመን አገር፣ በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው ፍራንክፈርት ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ጌዎርግም ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ሆነ። በ1872 በውሾች ሰረሰር ዙሪያ ቀይ ቀለም አስገብቶ የፈሳሹን መንገድ መረመረ። በ1873 በበርን፣ በ1878 ደግሞ በኪል ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1890 መጨረሻ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ራሱን ስቶ ወደ ክዊንከ መጣ። ሊቁም ፈሳሹ በዝቶ አንጎሉን ተጭኖታል ብሎ አሰበ። የሰረሰር ገመድ እስከ ጀርባ አጥንት መጨረሻ እንደማይደርስ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም ገመዱ ከሚያበቃበት በታች፣ በወገብ አጥንቶች መካከል ቀጭን መርፌ አግብቶ ጥቂት ፈሳሽ ቀዳ። በሦስት በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ፤ ሕፃኑም ዳነ። በሚያዝያ 1891 በቪስባደን ጉባኤ ሥራውን ለሐኪሞች ገለጠ።

በእንግሊዝ አገር ዊንተር የሚባል ሐኪምም በዚያው ዘመን ፈሳሹን ቀድቶ ነበር። እኛ ክዊንከን ያስበለጥነው ግን የቀዳውን ስላልደፋው ነው። ግፊቱን ለካ፤ ስኳሩንና ፕሮቲኑን መረመረ፤ ሴሎቹንና ጀርሞቹን በማይክሮስኮፕ ፈለገ።

በኋላም በ1904 ፉክስና ሮዘንታል ለዚሁ ፈሳሽ የመቁጠሪያ መስታወት ሠሩ። የተሰመረው ስፍራ 16 ካሬ ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 3.2 ኩብ ሚሊሜትር ይይዛል። ፈሳሹ ካልቀጠነ፣ የተቆጠሩት ሴሎች ለ3.2 ሲካፈሉ በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ያለው ቁጥር ይገኛል። (የሒሳብ መምህራችን ይህን ቢያነቡ ደስ ይላቸዋል።) በጤነኛ አዋቂ ሰው ነጭ ሴሎቹ ከ5 አይበልጡም። ባክቴሪያ ባመጣው ማጅራት ገትር ብዙ ጊዜ ከ1000 ያልፋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ባመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው የሚበዙት ሊምፎሳይት የሚባሉት ናቸው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነውና ቆጠራው ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ሴሎቹ ፈጥነው ስለሚፈርሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆጠር አለባቸው፤ በመኪና ወደ ሩቅ ከተማ የተላከ ፈሳሽ ቁጥሩ ጎድሎ ይደርሳል።

ክዊንከ በ1908 ከኪል ተሰናብቶ በማይን ወንዝ ዳር ወዳለችው ሌላይቱ ፍራንክፈርት ሄደ፤ በዚያም በ1922 ዐረፈ። ለኖቤል ሽልማት ደጋግመው ቢያጩትም አላገኘም። በ1882 የጻፈለት የፊትና የከንፈር እብጠት በሐኪሞች ዘንድ በስሙ ይጠራል።