ድምፅን በወንፊት ያጣራው ሰው፦ ሮበርት ሞግ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን ሮበርት ሞግን ይዘንላችሁ ቀርበናል። (ብዙ ሰው «ሙግ» ይለዋል፤ ትክክሉ ግን ሞግ ነው።)

ሞግ ሜይ 23 ቀን 1934 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። እናቱ ፒያኖ ተጫዋች እንዲሆንላት ፈልጋ ልምምድ ታስጠናው ነበር። የልጁ ልብ ግን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ከሆነው አባቱ ጋ ነበር። በ14 ዓመቱ ቴርሚን የሚባለውን፣ ሳይነኩት እጅን አየር ላይ በማንቀሳቀስ ብቻ የሚጫወቱትን መሣሪያ ሠራ። 14 ዓመት ማለት እኮ የእኛ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ነው!

በ1964 ሄርበርት ዶይች ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ሆኖ ሲንተሳይዘር ሠራ። ድምፁን ማስጀመሪያ ቁልፍ ሲያስፈልጋቸው የበር ደወል መጥሪያ ገዝተው ተጠቀሙ።

እስቲ አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። «አአአ» እያላችሁ አፋችሁን በመዳፋችሁ ክፍት ዝግት አድርጉ። ሲዘጋ ድምፁ ይታፈናል፣ ሲከፈት ይጠራል አይደል? የሞግ ማጣሪያም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ልክ እንደ ወንፊት ቀጫጭኑን ሹል ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን ያሳልፋል። ለዚህ ነው የሞግ ድምፅ ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ የሚባለው። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች እንደ መሰላል ስለተደረደሩ የመሰላል ማጣሪያ ይሉታል። ከበሮም ይወጣዋል፤ «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ቶሎ ሲቆርጡት «ጨስ!» ይላል።

ችግርም ነበረበት። ሙቀት ሲለዋወጥ ቅኝቱ ይዛባል፣ በአንድ ጊዜ የሚያወጣውም አንድ ኖታ ብቻ ነው። ዌንዲ ካርሎስ በ1968 የባኽን ሙዚቃ በሞግ ስትቀዳ አንድ አንድ ኖታ እየቀዳችና እያደራረበች፣ በየመሃሉም እንደገና እየቃኘች ነው የጨረሰችው። ሸክላው ግን ዓለምን አስደነቀ። በ1970 ደግሞ ሚኒሞግ የሚባለው፣ ተሸክመውት የሚሄዱት ትንሹ ሲንተሳይዘር ወጣ።

ሞግ ነጋዴ አልነበረም። ድርጅቱ ዕዳ ውስጥ ገብቶ በ1971 ተሸጠ፤ እሱም በ1977 ለቆ ወጣ። የሚያሳዝነው ስሙ እዚያው ቀረ። የፈጠረው ሰው በገዛ ስሙ መሸጥ ስላልቻለ «ቢግ ብራየር» በሚል ስም መሣሪያ እየሠራ ኖረ። ስሙን መልሶ ያገኘው በ2002 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 68 ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 21 ቀን 2005፣ በአንጎል ዕጢ ሕመም በ71 ዓመቱ አረፈ።