ስታፎርድ ሳንድስና የባሃማስ ቱሪዝም

ከአሜሪካ የፍሎሪዳ ጠረፍ በስተደቡብ ምሥራቅ ሰባት መቶ ያህል ደሴቶችና ከእነርሱም በቍጥር የሚበልጡ ጥቃቅን የድንጋይ ጉብታዎች በባሕሩ ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ከሁሉም ሰው የሚኖርባቸው ሠላሳ ያህሉ ብቻ ናቸው። የባሃማስ ደሴቶች የሚባሉት እነዚህ ሲሆኑ፣ አፈራቸው ስስ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ወንዝ የላቸውም፤ ከጨው በቀር ከምድራቸው ተቈፍሮ ገበያ የሚወጣ ሀብት ለረጅም ዘመን አልታወቀላቸውም። እንዲህ ያለ ሀገር ፀሐዩን፣ አሸዋውንና የባሕሩን ጥራት ሸጦ ሊኖር መቻሉን በዘመናችን ያሳየውና ሥራውን በቢሮ፣ በበጀትና በሕግ ያደራጀው ሰው ስታፎርድ ሳንድስ ይባላል። የሙያ ባልደረቦቻችን ስለ እርሱ ሊያውቁ የሚገባው ግን ሀገሩ ከእርሱ በወረሰችው ኢንዱስትሪ እየኖረች፣ የእርሱን ስም ለመጥራት ስለምን እንደተቸገረች ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የባሃማስ ገበያ የሌላው ሀገር ችግር ሲበረታ የሚደራ ገበያ ሆኖ ኖሯል። በ1861 ዋና ከተማው ናሶ ሮያል ቪክቶሪያ የተባለውን ሆቴል ሲከፍት፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፈነዳበት ዓመት ነበርና ሆቴሉ ከሀገር ጎብኚ ይልቅ የደቡቦቹን ወደቦች የባሕር ከበባ ጥሰው በሚነግዱ የመርከብ አዛዦችና በጥጥ ነጋዴዎች ተሞላ። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ መጠጥን በሕግ ስትከለክል ደግሞ ናሶ የውስኪ መጋዘን ሆነች። ክልከላው ሲነሣ ያ ገንዘብ ደረቀ። ድኻው ሕዝብ የሚተዳደርበት ከባሕር ወለል የሚለቀም የስፖንጅ ምርትም ነበረ፤ እርሱን በ1938 እና በ1939 በሽታ ገብቶ ፈጀው። ክረምቱን ከብርድ ለማምለጥ የሚመጡ ጥቂት ባለጸጎች ግን አልተቋረጡም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይሰነብታሉ፤ ሲሄዱ ሆቴሎቹ ይዘጋሉ፤ አሳላፊውና አልጋ አንጣፊዋ እስከሚቀጥለው ታኅሣሥ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ።

ሳንድስ በ1913 በናሶ ተወለደ። ቤተሰቡ ቤይ ስትሪት በተባለው የንግድ ጎዳና ላይ ሱቁን፣ ማስመጫውንና የጥብቅና ቢሮውን፣ ከዚያም አልፎ የሕግ ምክር ቤቱን ወንበር ይዘው ከኖሩት ነጮች ወገን ነበር። ከሕዝቡ አሥር እጅ ስምንቱን የሚበልጠው ጥቁር ቢሆንም ሀገሪቱ በተግባር የምትመራው ከዚያ ጎዳና ነበር። ሳንድስ ጠበቃ ሆነና በ1937 በሃያ አራት ዓመቱ ምክር ቤት ገባ። ግዙፍ ሰውነት ያለው፣ አንድ ዓይኑ የመስታወት፣ በሥራ የማይደክም፣ በክርክርም የማይበገር ሰው እንደነበረ የሚወዱትም የሚጠሉትም ይስማማሉ። የውጭ ባለ ሀብቶች በባሃማስ ኩባንያ ለማቋቋም ሲፈልጉ በመጀመሪያ የሚያንኳኩት የእርሱን በር ነበር። የመንግሥት ሥራና የግል ጥብቅና በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው በዚያን ጊዜ በዚያ ሀገር እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር፤ ኋላ መዘዝ ይዞ የመጣበትም ይኸው ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የልማት ቦርድ የሚባለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሊቀ መንበርነት ተረከበ። ቦርዱ ከእርሱ በፊትም ነበረ፤ ዓላማው ግን የክረምቱን ጥቂት እንግዶች ማስተናገድ ነበር። ሳንድስ ሥራውን ከሥሩ ለወጠው። የመጀመሪያ ጥያቄው ሆቴል ስለምን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም የሚል ነበር። የክረምቱ ባለጸጋ በቍጥር ውሱን ነው፤ የበጋ ዕረፍቱን የት እንደሚያሳልፍ የሚያወጣ የሚያወርደው መካከለኛ ገቢ ያለው አሜሪካዊ ግን በሚሊዮን ይቈጠራል። ስለዚህ ለማስታወቂያ የሚመደበውን ገንዘብ አሳደገ፤ በአሜሪካና በካናዳ ታላላቅ ከተሞች ቢሮ አስከፈተ፤ ጋዜጠኞችንና የጉዞ ወኪሎችን እየጋበዘ ደሴቶቹን አሳየ። ሆቴል ለሚሠራ ሰው የግንባታ ዕቃው ከቀረጥ ነጻ እንዲገባለትና ለተወሰኑ ዓመታት ከንብረት ግብር ነጻ እንዲሆን የሚያደርግ የማበረታቻ ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። በ1957 ከናሶ ወጣ ብሎ የሚገኘው ሰፊ የአውሮፕላን ማረፊያ ለመንገደኞች ተከፈተ።

ውጤቱ በቍጥር ይታያል። በ1949 ወደ ባሃማስ የገባው ጎብኚ 32 ሺህ ያህል ነበር። በ1954 ከመቶ ሺህ አለፈ፤ በ1963 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆነ። በዚህ መካከል እንደ ቀድሞው ሁሉ የጎረቤት ችግር ረድቶታል። በ1959 አብዮት በኩባ ሲያሸንፍና ኋላም የአሜሪካ መንግሥት ከሃቫና ጋር የነበረውን ግንኙነት ሲቈርጥ፣ ወደ ሃቫና ይጎርፍ የነበረው መዝናኛ ፈላጊ ሌላ ቦታ መሻቱ አልቀረም። በዚያ ጊዜ አልጋው ተዘጋጅቶ፣ ቢሮው ተከፍቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ጀምሮ የቈየው ናሶ ነበረ። ዕድል ነው የሚሉ አሉ፤ ዕድል ሲመጣ ቤቱን ጠርጎ መጠበቅ ግን ሥራ ነው። በዚያው በ1959 ሃንቲንግተን ሃርትፎርድ የተባለው አሜሪካዊ ወራሽ ከናሶ ወደብ ትይዩ የሚገኘውን ሆግ አይላንድ፣ ማለትም የአሳማ ደሴት፣ ገዝቶ ስሙን ገነት ደሴት ወደሚል አስለወጠው። በታኅሣሥ 1962 ኬኔዲና ማክሚላን ስለ ሚሳይል ለመነጋገር የተገናኙት በናሶ ነው፤ የትኛውም የማስታወቂያ በጀት ሊገዛው የማይችል ማስታወቂያ ነበር።

የአሠራሩን ስልት ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ባሃማስ የገቢ ግብር አልነበረባትም። የመንግሥት ገቢ የሚገኘው በአብዛኛው ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ ከሚጣለው ቀረጥ ነበር። ጎብኚው የሚበላው ሥጋ፣ የሚጠጣው መጠጥ፣ የሚተኛበት አንሶላ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ስለዚህ ጎብኚ በበዛ ቍጥር ካዝናው ይሞላል። ዕቃውን የሚያስመጡት ግን የቤይ ስትሪት ነጋዴዎች ናቸውና የእነርሱም ካዝና አብሮ ይሞላል። ሀገሪቱ እንግዳ መጋበዟ ራሱ ለአንድ ጎዳና የንግድ በር መክፈት ሆነ። የገቢ ግብር አለመኖሩ ደግሞ ባንኮችንና የውጭ ኩባንያዎችን ሳበ፤ ሳንድስም ሁለቱን፣ ቱሪዝሙንና የገንዘብ ንግዱን፣ የሀገሪቱ ሁለት እግሮች አድርጎ አቆማቸው። እግሮቹ እስከ ዛሬ አልተለወጡም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሀገሩ ሰው ቦታ የት ነበር? እስከ 1956 መጀመሪያ ድረስ ትላልቆቹ የናሶ ሆቴሎች ጥቁር እንግዳ አይቀበሉም ነበር። የሀገሬው ጥቁር ሰው በኋላ በር ገብቶ ወጥ ይሠራል፤ በፊት በር ገብቶ ምሳ መብላት አይችልም። በጥር 1956 የጋዜጣ ባለቤት የነበረው የምክር ቤት አባል ኤቲየን ዱፑች አድልዎን የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ብርቱ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ሆቴሎቹም ብዙ ሳይቈዩ በራቸውን ለመክፈት ተገደዱ። እንግዳ ተቀባይነትን ለዓለም የሚሸጥ ቦርድ የገዛ ሀገሩን ሰው ከእንግዳ ማረፊያ ሲያስቀር ዝም ብሎ መኖሩ፣ በሳንድስ ሥራ ላይ ከሁሉ የከፋው ጉድለት ነው ብንል አናጋንንም።

ከዚያ የባሰው በቀጣዩ ዓመት መጣ። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት፣ ከናሶ ርቆ የተሠራ በመሆኑ እንግዶችን ወደ ሆቴል ማመላለስ ጥሩ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። ሥራው በግል መኪናቸው ለሚያድሩት የታክሲ ነጂዎች ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሆቴሎቹና ትላልቆቹ የአስጎብኚ ድርጅቶች እንግዶቻቸውን በራሳቸው አውቶቡሶች ለማጓጓዝ ተስማሙ። የታክሲ ነጂው በዚያን ጊዜ ከቱሪዝሙ በቀጥታ፣ ያለ አሠሪ፣ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ነበር፤ ዛሬ ሥራ ፈጣሪ የምንለው እርሱን ነው። መኪናውን በብድር ገዝቷል፤ ወሬውን፣ መንገዱን፣ የእንግዳውንም ጠባይ ያውቃል። ያንን ትንሽ ድርሻ ሊነጥቁት ሲመጡ ማኅበሩ በኅዳር 1957 ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ በታክሲዎች ዘጋ። ማረፊያው ሥራ አቆመ።

ድርድር ተጀመረ፤ ሳይጠናቀቅ ተጓተተ። በጥር 1958፣ የክረምቱ እንግዳ በሞላበት ሰሞን፣ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተጠራ። በራንዶል ፎክስ የሚመራው የሠራተኞች ማኅበርና ሊንደን ፒንድሊንግ የሚገኝበት ተራማጅ ሊበራል ፓርቲ ከታክሲ ነጂዎቹ ጎን ቆሙ። የሆቴል ሠራተኛው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ ቤት ሠሪው ሥራውን ጣለ። ሆቴሎች ተዘጉ፤ እንግዶች ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ፤ ጸጥታ ለማስከበር የእንግሊዝ ወታደሮች ከጃማይካ መጡ። አድማው ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘልቅ ድንጋይ ሲወረወርና ቤት ሲቃጠል አልታየም። ሳንድስ የሀገሪቱን ኑሮ በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ ሲያቆም፣ ሻንጣ ተሸካሚውና ታክሲ ነጂው እጃቸውን ባጠፉ ጊዜ ሀገሪቱ ልትቆም እንደምትችል አላሰበ ይሆናል። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌኖክስ ቦይድ በዚያው ዓመት ከለንደን መጥተው ሁኔታውን አዩ። ታክሲ ነጂዎቹ የማጓጓዙን ድርሻ አገኙ፤ ለኩባንያዎች ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ድምፅ ከምርጫው ሕግ ወጣ፤ በ1962 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ።

ሳንድስ ግን ገና ከከፍታው አልወረደም። በነሐሴ 1955 የባሃማስ መንግሥትና ዋላስ ግሮቭስ የተባለው አሜሪካዊ በግራንድ ባሃማ ደሴት ላይ አንድ የወደብ ከተማ ለማቋቋም ስምምነት ፈርመው ነበር። ፍሪፖርት የተባለችው ይህች ከተማ በ50 ሺህ ኤከር የጥድ ጫካና ረግረግ ላይ ተጀመረች፤ ለ99 ዓመት የቀረጥ ነጻነት ተሰጣት። ጠበቃውና የነገሩ ሐሳብ አመንጪ ሳንድስ ነበር። ታስቦ የነበረው የኢንዱስትሪ ከተማ ሲሆን ፋብሪካው እንደታሰበው አልመጣም፤ ስለዚህ ወደ ሆቴልና ወደ ቁማር ዞሩ። ቁማር በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በ1963 መንግሥት ልዩ ፈቃድ ሰጠ፤ በጥር 1964 የሉካያን ቢች ሆቴል ቁማር ቤት ተከፈተ። የሀገሬው ሰው ግን እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። በዚያው ወር ባሃማስ በውስጥ አስተዳደሯ ራሷን መምራት ስትጀምር ሳንድስ የገንዘብና የቱሪዝም ሚኒስትር ሆነ። በ1966 ሀገሪቱ ከፓውንድ ወደ ራሷ ዶላር ስትሸጋገር የተመራችው በእርሱ ነው፤ አብዛኛው እንግዳዋ አሜሪካዊ ለሆነ ሀገር አስተዋይ እርምጃ ነበር።

ጥር 10 ቀን 1967 በተደረገው ምርጫ ሁለቱ ፓርቲዎች እኩል 18 ወንበር አገኙ። ፎክስ ብቸኛውን የሠራተኛ ፓርቲ ወንበር ይዞ ወደ ፒንድሊንግ ዞረ፤ የጥቁሮቹ መንግሥት ቆመ። ብዙ ሳይቈይ የእንግሊዝ ንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን ስለ ቁማር ቤቶቹ ምርመራ አደረገ፤ ሳንድስ ከግሮቭስ ኩባንያዎች በጥብቅናና በአማካሪነት ስም ከፍተኛ ገንዘብ መቀበሉም በይፋ ተገለጠ። እርሱ የሙያ ክፍያ ነው ሲል ተከራከረ። ለጠበቃ ሳንድስ የተከፈለው ገንዘብ በአስፈጻሚው ጉባኤ ውስጥ ከተቀመጠው ሳንድስ ጋር እንዴት ሊለይ እንደሚችል ግን ሊያስረዳ የቻለ ሰው አልተገኘም። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱንም ሀገሩንም ለቅቆ ወደ ስፔን ሄደ። በ1968 የባሃማስ ጎብኚ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ሲያልፍ እርሱ በዚያ አልነበረም። በጥር 1972 በስደት እንዳለ፣ በ58 ዓመቱ አረፈ። ሀገሩ ነጻነቷን ያገኘችው ሐምሌ 10 ቀን 1973 ነው።

ፒንድሊንግና ባልደረቦቹ የሳንድስን ቤት አላፈረሱትም። የቱሪዝም ሚኒስቴሩን ይዘው ቀጠሉ፤ ቁማር ቤቶቹን አልዘጉም፤ የገቢ ግብርም አልጣሉም። በ1974 መንግሥት የሆቴል ኮርፖሬሽን አቋቁሞ ራሱ የሆቴል ባለቤት ሆነ። በ2024 ወደ ባሃማስ የገባው ጎብኚ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሲሆን አብዛኛው በመዝናኛ መርከብ መጥቶ በመርከብ የሚመለስ ነው። ሳንድስ ሊሞላው የደከመለትን የሆቴል አልጋ እነዚህ እንግዶች አይነኩትም፤ ከመርከቡ በሚወርዱባት አጭር ሰዓት ግን አሁንም የሚቀበላቸው የታክሲ ነጂው ነው።

በ2000 የባሃማስ ማዕከላዊ ባንክ የሳንድስን ምስል በአሥር ዶላር ኖት ላይ አተመ። ግማሹ የኢንዱስትሪው አባት ነውና ይገባዋል አለ፤ የ1956ንና የ1958ን ዘመን የሚያስታውሰው ሽማግሌና አሮጊት ግን ያንን ፊት በየቀኑ በኪሳቸው መያዝ ከበዳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታተመው አዲሱ አሥር ዶላር ላይ የንግሥት ኤልሳቤጥ ምስል ተመለሰ።