አባ ዮሴፍ ቭሬዚንስኪ፥ የቤት አልባዎች ካህን

አባ ዮሴፍ ቭሬዚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1917 በፈረንሳይ አገር አንዤ ከተማ ከድኻ ስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ማዕርገ ክህነት ተቀብለው በገጠር ቁምስና ካገለገሉ በኋላ በ1956 በፓሪስ አጠገብ ወዳለው ወደ ኑዋዚ ለ ግራን የቤት አልባዎች መጠለያ ሄዱ። በዚያ 250 ያህል ቤተሰቦች፥ ለጥቂት ጊዜ ተብለው በተሠሩ ባለ ክብ ጣሪያ ጎጆዎች፥ በጭቃ መካከል ይኖሩ ነበር፤ ውሃ የሚቀዱትም ከጥቂት የጋራ ቧንቧዎች ነው።

አባ ዮሴፍ የሾርባ እደላውን አስቀሩ። በቁምስናችን ምጽዋት ማደል የለመድን እኛ ይህን ስንሰማ መደንገጣችን አይቀርም። እሳቸው ግን ተሰልፎ መቀበል ወላጅን በልጆቹ ፊት እንዴት እንደሚያሳፍር ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በምትኩ ቤተ መጻሕፍት፥ መዋዕለ ሕፃናት፥ የልብስ ማጠቢያ፥ እንዲያውም የሴቶች የውበት ሳሎን ከፈቱ። በ1957 ከነዋሪዎቹ ጋር ማኅበር አቋቋሙ፤ ጎጆዎቹም በእውነተኛ ቤቶች እንዲተኩ ለዓመታት ተሟገቱ። በ1988 ዐረፉ።