ባዶ የወጣው ርዕሰ አንቀጽ

ግቢ ሳለን ስለ ፕሬስ ነጻነት ስንከራከር ከሳሽና ተከሳሹ የታወቀ ነበር፤ ጋዜጠኛና መንግሥት። ጋዜጣው የማን ንብረት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። እኔን ጥያቄው የገባኝ ዘግይቶ፣ የአንድ ህንዳዊ ነጋዴን ሕይወት ሳነብ ነው። ሰውየው ራምናት ጎኤንካ ይባላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1904 ቢሃር ውስጥ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ለንግድ ወደ ማድራስ ወርደው በ1930ዎቹ ኢንዲያን ኤክስፕረስ የተባለውን ጋዜጣ እጃቸው አስገቡ። ጋዜጠኛ አልነበሩም፤ ነጋዴ ናቸው፣ ያውም እልኸኛ።

ጁን 1975 ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባስወጁበት ሌሊት ዴልሂ ውስጥ ጋዜጦች የሚታተሙበት ሰፈር መብራት ጠፋ። ሳንሱር ተከተለ። አብዛኞቹ የጋዜጣ ባለቤቶች አንገታቸውን ደፉ። አልፈርድባቸውም፤ ፋብሪካ አላቸው፣ ፈቃዱም ብድሩም የሚያልፈው በመንግሥት እጅ ነው። ኢንዲያን ኤክስፕረስ ግን ጁን 28 የርዕሰ አንቀጹን ቦታ ባዶ ትቶ ወጣ። ምን እንደተከለከለ አንባቢው ገባው።

መንግሥት ታዲያ ጋዜጠኛ በማሰር ብቻ አላበቃም፤ ባለቤትነቱ ላይ መጣ። ማስታወቂያ ከለከለ። የኩባንያው ቦርድ ውስጥ የራሱን ሰዎች አስገብቶ አብላጫውን ያዘ፤ ሊቀ መንበሩንም ሌላ ትልቅ ጋዜጣ ካለው ከቢርላ ቤተሰብ አመጣ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎኤንካ ግን ጋዜጣውን አልለቅም አሉ። ማርች 1977 ኢንድራ በምርጫ ሲሸነፉ ጋዜጣው ያው የእሳቸው ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን እኮ ጎኤንካ ገለልተኛ አልነበሩም። በ1971 በጃን ሳንግ ፓርቲ ተወዳድረው ከቪዲሻ ፓርላማ ገብተዋል፤ ያ ድፍረት የተቃዋሚም ድፍረት ነበር። በ1980ዎቹ ጋዜጣቸው ሪላያንስ የተባለውን ኩባንያ በምርመራ ዘገባ ሲያፋጥጥ፣ የኩባንያው ተፎካካሪ የጎኤንካ የቅርብ ወዳጅ ነበር። ዘገባው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። የትኛው ጉዳይ እንደሚመረመር የሚወስነው ግን ማን ነበር? ስመ ጥሩን አርታኢ አሩን ሾሪንም አሰናበቱት፣ መልሰው ቀጠሩት፣ እንደገና አሰናበቱት። ያን ባዶ ቦታ እንዲወጣ ያስቻለውም፣ ሾሪን ደጅ ያስወጣውም የአንድ ሰው ፈቃድ ነው።

ጎኤንካ ኦክቶበር 1991 አረፉ። ወራሾቻቸው አልተስማሙም፤ ጋዜጣው ለሁለት ተከፍሎ የሰሜኑ ኢንዲያን ኤክስፕረስ፣ የደቡቡ ኒው ኢንዲያን ኤክስፕረስ ተባለ።