የሕክምና ጽሑፎችን መንገድ የጠረጉት ሐኪም፦ ጆን ሾው ቢሊንግስ

በ1860 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ የሕክምና ኮሌጅ ትምህርታቸውን በመፈጸም ላይ የነበሩት ጆን ሾው ቢሊንግስ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመረጡት ርእስ የሚጥል በሽታን በቀዶ ሕክምና ማከም የሚል ነበር። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ይኸውም በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ሕሙማን መካከል ስንቱ ዳነ፣ ስንቱስ ሞተ የሚል ነው። መልሱ ግን በልዩ ልዩ አገሮች መጻሕፍትና መጽሔቶች ውስጥ ተበትኖ ይገኝ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ተማሪ ከሲንሲናቲ ቤተ መጻሕፍት ጀምረው እስከ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ ድረስ ሲያፈላልጉ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው፤ ከአንድ ሺሕ በላይ ጥራዞችም አገላበጡ። ማውጫዎቹ የተጓደሉ፣ የብዙዎቹ ጽሑፎች ርእስም ከይዘታቸው ጋር የማይገናኝ ሆኖ አገኙት። ከሁሉ ይልቅ ያስገረማቸው በመላው አሜሪካ ለአንድ ሐኪም የሚበቃ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አለመኖሩ ነበር። ይህ ለተማሪ ድካም ብቻ ሆኖ የሚቀር ነገር አይደለም። ከእርሱ በፊት ሌሎች የደረሱበትን ሳያውቅ ቢላዋ የሚያነሣ ሐኪም ዕዳውን የሚያስከፍለው በሽተኛውን ነውና።

ቢሊንግስ በ1838 በኢንዲያና ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ኮሌጅ እንዲያስገቧቸው ሲሉ የውርስ ድርሻቸውን ለእኅታቸው እንደ ለቀቁ ይነገራል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ በሐኪምነት ዘምተው ከቻንስለርስቪልና ከጌቲስበርግ ውጊያዎች ቁስለኞችን አከሙ። በ1864 መጨረሻ ግን ወደ ዋሽንግተን ተዛውረው በጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም መሥሪያ ቤት ተመደቡ፤ በዓመቱም የመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊነት ተሰጣቸው።

በዚያን ጊዜ ስብስቡ ከ2 ሺሕ ጥቂት ከፍ የሚሉ ጥራዞች ብቻ ነበሩት። ከጦርነቱ በኋላ ከሆስፒታሎች የተረፈው 80 ሺሕ ዶላር ያህል ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ ስለ ተፈቀደ፣ ቢሊንግስ ከአሜሪካም ከአውሮፓም መጻሕፍትንና መጽሔቶችን በግዢ፣ በልውውጥና በልመና ጭምር ማሰባሰብ ያዙ። ይህ ሁሉ ሀብት እስከ 1887 ድረስ የተቀመጠው ፕሬዚዳንት ሊንከን በተገደሉበት በፎርድ ቴአትር ሕንፃ ውስጥ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ መከመር ብቻውን ፈላጊን አያረካም። ስለዚህ ቢሊንግስ የመጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን በየመጽሔቱ የወጡትንም ጽሑፎች በርእሰ ጉዳይና በደራሲ ስም በአንድ የፊደል ተራ የሚያሰልፍ ካታሎግ አቀዱ። መጽሔቶቹን ማታ ማታ ወደ ቤታቸው ወስደው መመዝገብ የሚገባቸውን ጽሑፎች በእርሳስ ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ በማግሥቱ ጸሐፊዎች በካርድ ላይ ይገለብጧቸዋል። የኅትመቱ ወጪ ከባድ ስለ ነበር በ1876 ናሙና አሳትመው ለሐኪሞች አሰራጩ። የሐኪሞቹ ድጋፍም ምክር ቤቱን ገንዘብ ለማስፈቀድ ረዳ። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1880 ወጥቶ በ1895 አሥራ ስድስተኛው ተፈጸመ።

ካታሎጉ ፊደል ተከትሎ ዓመታት ስለሚወስድ አዲስ የወጣውን ጽሑፍ ቶሎ ለማሳወቅ አይበቃም ነበር። በመሆኑም ከዶክተር ሮበርት ፍሌቸር ጋር ሆነው በ1879 ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለውን ወርኃዊ ማውጫ ጀመሩ። ማውጫው አሳታሚውን ያከሰረ ሥራ ነበር። በ1899 ተቋርጦ በ1903 በካርኔጊ ተቋም ርዳታ እንደገና ቆመ።

ከዚህ ውጭ የጆንስ ሆፕኪንስን ሆስፒታል ነደፉ፤ ከ1896 ጀምሮም የኒውዮርክን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሩ። በሕዝብ ቆጠራ ሥራ ላይ ሳሉ ለኸርማን ሆለሪት የሰጡት ሐሳብ በተበሳ ካርድ ለሚሠራው የቆጠራ መሣሪያ መነሻ መሆኑም ይታወቃል። በ1913 ሲያርፉ አስከሬናቸው በአርሊንግተን ተቀበረ።

ያ የጦር ሠራዊት ቤተ መጻሕፍት በ1956 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ተባለ። ማውጫው በ1964 በኮምፒዩተር መዘጋጀት ጀመረ፤ በ1971 ሜድላይን ተከተለ፤ በ1997 ፐብሜድ ያለ ክፍያ ለዓለም ተከፈተ። የታተመው ኢንዴክስ ሜዲከስ በ2004 ሲቆም ሥራው በኤሌክትሮኒክ መልክ ቀጠለ። ዛሬ ሜድላይን ጽሑፎችን በተወሰኑ የርእስ ቃላት ስለሚመድብ፣ ደራሲው በሽታውን በየትኛውም ስም ቢጠራው ፈላጊው በአንድ ቃል ያገኘዋል። ቢሊንግስ የተማረሩበት የአሳሳች ርእስ ችግር በዚህ መንገድ በእጅጉ ተቃልሏል።

የመለየቱ ሥራ ግን አሁንም የአንባቢው ነው። ወደ ሜድላይን የሚገቡት መጽሔቶች በባለሙያዎች ይመረጣሉ፤ አብዛኞቹም ጽሑፎችን በሙያ አቻዎች ያስገመግማሉ። ሆኖም ርእሰ አንቀጽና ደብዳቤም በዚያው ይመዘገባል፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ በፐብሜድ ውስጥ ገና ያልተገመገሙ አንዳንድ ጽሑፎች ይገኛሉ። ስለዚህ የጽሑፉን ዓይነትና የመጽሔቱን የግምገማ ሥርዓት ማጣራት ያሻል። በማውጫው የተገኘው ሁሉ ሙሉው በነፃ የሚነበብ አለመሆኑም ሌላው ችግር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 የጀመረው ሂናሪ ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች ተቋማት መጽሔቶቹን የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።