ግሬስ ሆፐር፦ ከአንድ ጽሑፍ የሚወጡ ፕሮግራሞች

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከአንድ ሥራ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ስህተቱን ፈልጎ ለማረም እንዲመቸው እያንዳንዱ እርምጃ የሚታይበት ፕሮግራም ያሻዋል፤ ሥራው ተጠናቆ ለተጠቃሚ ሲደርስ ግን ፈጣን የሆነው ያስፈልገዋል። ሁለቱ ለየብቻ በእጅ ቢጻፉ ውለው አድረው መለያየታቸው አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ጽሑፍ በኮምፓይለር አማካይነት ይዘጋጃሉ። ለዚህ አሠራር መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ ግሬስ ሆፐር ነበሩ።

ሆፐር በ1906 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ ተመርቀው፣ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በቫሳር ሲያስተምሩ ቆይተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1943፣ ወደ ባሕር ኃይል ገቡ።

በ1944 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ በተባለው የስሌት መኪና ላይ ተመደቡ። መኪናው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው በሴኮንድ 3 ድምር ብቻ ይሠራ ነበር። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው በትክክል መሥራቱ የተረጋገጠ የፕሮግራም ክፍል ሲያገኙ በደብተር መዝግበው እርስ በርስ ይገለብጡ ጀመር። ችግሩም ከዚሁ ተነሣ፤ ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል፣ አድራሻዎችን ለአዲሱ ቦታ ሲያስተካክልም ይሳሳታል። በ1947 በማርክ ሁለት ሪሌይ ውስጥ የተገኘችው የእሳት እራት ዝነኛ ናት፤ ይሁን እንጂ የእጅ ግልባጭ ስህተት ከእርሷ ይልቅ ብዙ ሥራ ያበላሽ ነበር።

ሆፐር በ1949 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ይሠራ ወደነበረው ኩባንያ ገቡ። በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራም አቀረቡ። ኤ-ዜሮ የተፈተኑ ክፍሎችን ከማግኔት ቴፕ እየፈለገ፣ አድራሻቸውንም እያስተካከለ፣ አንድ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ ያገጣጥም ነበር። ግልባጩን ከሰው እጅ አውጥቶ ለመኪናው አስረከበ። ሆኖም ኮምፒዩተር ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አያዘጋጅም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በመኪና የተዘጋጀ ፕሮግራም በባለሙያ እጅ ከተጻፈው ይዘገያል የሚለውም ክርክር ቀላል አልነበረም። ለዚህኛው መልስ የሰጠው በ1957 የወጣው የጆን ባከስ ፎርትራን ሲሆን፣ ኮምፓይለሩ ራሱ ትእዛዛቱን ለፍጥነት ያሻሽል ነበር።

ሆፐር በበኩላቸው ፍሎው-ማቲክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁ፤ በ1959 መነደፍ የጀመረውም ኮቦል ከእርሱ ብዙ ወርሷል። በታኅሣሥ 1960 ከሞላ ጎደል አንድ የሆነ የኮቦል ፕሮግራም፣ የተለያዩ ኩባንያዎች በሠሯቸው ሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ሠራ። አንድ ጽሑፍ ሁለት የመኪና ፕሮግራም ሊወልድ መቻሉ በተግባር ታየ።

ነገር ግን ከአንድ ጽሑፍ የተወለዱት ፕሮግራሞች በእርግጥ አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራታቸው ዋስትናው ምንድን ነው? ሆፐር በ1966 ጡረታ ወጥተው በ1967 ወደ ባሕር ኃይል በተጠሩ ጊዜ የያዙት ጉዳይ ይኸው ነበር። ልዩ ልዩ የኮቦል ኮምፓይለሮች ከደረጃው ጋር መስማማታቸው የሚረጋገጥባቸው የመፈተኛ ፕሮግራሞች በእሳቸው መሪነት ተዘጋጁ። በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ተሰናበቱ፤ በ1992 የመጀመሪያ ቀንም ዐረፉ።

ጥያቄው ዛሬም አላበቃም። ኮምፓይለር ለፍጥነት ሲል የትእዛዛትን ቅደም ተከተል ይለውጣል፣ አላስፈላጊ ያለውን ያስወግዳል። በጽሑፉ ውስጥ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው አንድ ተለዋዋጭ ቢኖር፣ ለማረሚያ በተዘጋጀው ፕሮግራም ላይ የተደበቀው ጉድለት በፈጣኑ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም ምንጩን አንድ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ የሚወጡት ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ዓይነት ፈተና ማለፍ አለባቸው። ሆፐር ሁለቱንም በሥራ አሳይተው አልፈዋል።