የእጅ ሙያ ያስከበራቸው አለቃ

ዘንድሮ በዚህች የእድራችን መጽሔት ልናነሣቸው የፈለግነው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ነው። ምክንያትም አለን። እዚህ ደብረ ማርቆስ ለቀብር ስንሰበሰብ ሣጥኑን የሠራው አናጢ፣ የለበስነውን ጋቢ የሠራው ሸማኔ፣ የምንቆፍርበትን ዶማ የሳለው ቀጥቃጭ ከመካከላችን ናቸው። ሲያገለግሉን እግዜር ይስጥልን እንላለን፤ ልጃቸው ልጃችንን ለጋብቻ ሲጠይቅ ግን ዘር መቁጠር እንጀምራለን። ይህን ነውራችንን ሳንደብቅ ወደ ታሪኩ እንግባ።

አለቃ ተክለ ኢየሱስ የተወለዱት እዚህ አይደለም፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ አገር ነው። ያ ዘመን የጎጃምና የሸዋ ነገሥታት የዓባይን ማዶ ለመያዝ የሚሽቀዳደሙበት ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋግተው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተማረኩ። ዘመቻው የነገሥታቱ ይሁን እንጂ ከእናት ከአባቱ የተለየው ልጅ ብዙ ነው። የዋቅጅራ ልጅም ገና በልጅነታቸው ወደ ጎጃም ተወስደው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አደጉ።

እንግዲህ አስቡት፤ ዘመድ የለ፣ ርስት የለ፣ አጥንት ቆጥሮ የሚሟገትላቸው ሰው የለ። ያላቸው አእምሯቸውና እጃቸው ብቻ ነበር። የቤተ ክህነትን ትምህርት ተማሩ፤ ሥዕልንም ያዙ። በዚህም ሙያ ስማቸው ተጠራ፣ አለቃም ተባሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሳይጨማደድ መለጠፍ አለበት። ንድፉ ይወጣል፤ ቀለሙ ተራ በተራ ይገባል። ሥርዓትም አለው፤ በቀድሞው ልማድ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን የሚያነበው ይህንኑ ሥዕል ነውና፣ ሠዓሊው ቢሳሳት ሕዝቡ ይሳሳታል። ለጥንቃቄው ማንም ቆሞ አይቆጣጠረውም፤ የሚቆጣጠረው ሕሊናው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ሥዕል የቤተ ክህነት ሙያ በመሆኑ ይከበር ነበር። በዚያው ዘመን ግን ብረት ሠሪው ቡዳ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ለዚህ ነው። ታዲያ ቀለም የሚቀባውም እጅ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውም እጅ ያው እጅ አይደለም እንዴ? ሁለቱም ትዕግሥትና ልኬት ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ካልተጠነቀቁ ያስነውራሉ።

አለቃ ተክለ ኢየሱስ በብሩሽ ብቻ አልቆሙም፤ ብዕርም አነሡ። የጎጃምን ታሪክና የትውልድ ሐረግ፣ ማን ከማን እንደ ተወለደ ጻፉ። ያረፉት በ1928 ዓ.ም. ገደማ፣ አገራችን በጣሊያን በተወረረችበት ጊዜ ነው። ጽሑፋቸው ግን ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ሲቀመጥ ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በሥርግው ገላው አዘጋጅነት አዲስ አበባ ላይ ታተመ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት ኦክስፎርድ ላይ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ወጣ። በደንብ የተሠራ ሥራ ሠሪውን ቀብሮ ይኖራል ማለት ይኸው ነው።

አሁን ልብ በሉልን። ዛሬ ጎጃሜው የዘር ሐረጉን ሊያውቅ ሲፈልግ መጽሐፋቸውን የሚገልጠው፣ ዘር የሌላቸው ተብለው ሊናቁ ይችሉ የነበሩትን ሰው ነው። እኛ አጥንት ስንቆጥር፣ የምንቆጥርበትን መዝገብ የጻፈልን በሙያው የከበረ የማዶ ሰው መሆኑን እንረሳለን።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አባልን በሙያው መስደብ በደንባችን ላይ ቅጣት እንዲኖረው ይደረግ። ከቅጣቱ ይልቅ ግን ደስ የሚለን፣ የሸማኔው ልጅ የአባቱን ሙያ ሳይሸሽግ በመካከላችን ቀና ብሎ ሲቀመጥ ብናይ ነው።

የአለቃን ነፍስ ይማር፤ እኛንም ልቡና ይስጠን።